የታራው ንጉሥ ኮርማክ

የአንድን ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሁሉ ሰውዬው በእውነት በዚህ ዓለም የኖረ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባዋል። እኛ ግን ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የመረጥነው ንጉሥ ኖሯል ወይስ አልኖረም ተብለን ብንጠየቅ መልሳችን አጭር አይሆንም። የአየርላንድ ሰዎች ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ስሙን ሲያነሡ፣ ፍርዱን ሲያደንቁ፣ ልጆቻቸውንም በስሙ ሲጠሩ ኖረዋል። ቤቱ እዚህ ነበረ፣ መቃብሩ እዚያ ነው እያሉ ኮረብታውንና ወንዙን ያሳያሉ። የታሪክ ሊቃውንት በበኩላቸው ነገሠ በተባለበት ዘመን በዚያ አገር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስላልነበረና የሚነገርለትም ሁሉ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በክርስቲያን ጸሐፊዎች እጅ የተጻፈ ስለ ሆነ ከአፈ ታሪክ ነገሥታት ጋራ ይቈጥሩታል።

ይህ ንጉሥ ኮርማክ ማክ አርት ይባላል። ማክ ማለት በአየርላንድ ቋንቋ ልጅ ማለት ነውና በእኛ አጻጻፍ ኮርማክ ወልደ አርት ብንለው ከስሙ አንርቅም። ሚካኤል ኦክሌሪ የተባለ የፍራንሲስካን ማኅበር ወንድም ከባልደረቦቹ ጋራ ከ1632 እስከ 1636 ዓ.ም. በጻፈው፣ የአራቱ ሊቃውንት ዜና መዋዕል ተብሎ በሚታወቀው መጽሐፍ ውስጥ ኮርማክ 40 ዓመት ነግሦ በ266 ዓ.ም. እንደ ሞተ ተመዝግቦ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን። ክርስትናና ከእርሱም ጋራ የመጻሕፍት ጽሕፈት ወደ አየርላንድ የገቡት ግን በአምስተኛው ምዕት ዓመት ነው። እንግዲህ በንጉሡና በመጽሐፉ መካከል ያለውን ርቀት ማንም ሊለካው ይችላል።

የኮርማክ መናገሻ ታራ ነበረ ይባላል። ታራ ከደብሊን ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ሚዝ በሚባለው አውራጃ ያለ ኮረብታ ነው። ስሙ የገነነውን ያህል ቁመቱ ትልቅ አይደለም፤ ከባሕር ወለል በላይ 200 ሜትር እንኳ አይሞላም። ቤተ መንግሥት ለማየት ወደዚያ የሚወጣ ሰው የሚያገኘው ሣር የለበሰ የአፈር ካብና ጉብታ ነው። ከጉብታዎቹ አንዱ የታገቱት ሰዎች ጉብታ የሚባል ሲሆን ከ5,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የጥንት መቃብር ነው። ክብ ሆነው ከተያያዙት ሁለት ካቦች አንዱን የኮርማክ ቤት ይሉታል። በዚያው ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ አለ፤ እውነተኛው ንጉሥ በረገጠው ጊዜ ድንጋዩ ይጮኽ ነበረ ብለው ያወራሉ።

ስለ ታራ ስናነብ ያገኘነውን አንድ ነገር ሳንነግራችሁ ለማለፍ አልቻልንም። የጠፉት የእስራኤል ነገዶች ዘር እኛ ነን የሚሉ ጥቂት እንግሊዞች ታቦተ ጽዮን በታራ ተቀብራለች ብለው አመኑና ከ1899 እስከ 1902 ዓ.ም. ድረስ ኮረብታውን ቈፈሩት። ባለቅኔው ዊልያም በትለር ዬትስ፣ ዱግላስ ሃይድና ጆርጅ ሙር ይህ የሕዝብ ቅርስ ይፈርሳል ብለው በለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ተቃውሟቸውን ጻፉ። ቈፋሪዎቹ ታቦት አላገኙም፤ ያገኙት ነገር ቢኖር የጥንቱን ካብ ማበላሸት ነው። ታቦተ ጽዮን በአክሱም መኖርዋን ከሕፃንነታችን ጀምረን የሰማን እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። ደግነቱ በ1952 እና በ1953 ዓ.ም. ሾን ኦሪርዳን የተባለ የአየርላንድ የሥነ ቅርስ ሊቅ በዚያው ስፍራ በጥንቃቄ በቈፈረ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ምዕተ ዓመታት ከሮማ ግዛት የመጡ ዕቃዎች ተገኙ። ኮርማክ ነገሠ በተባለበት ዘመን አካባቢ ታራ ባዶ ኮረብታ እንዳልነበረ ከዚህ እናውቃለን። ስለ ኮርማክ ግን ዕቃዎቹ የሚናገሩት ነገር የለም፤ ስለ እርሱ የሚናገሩት መጻሕፍቱ ናቸውና ወደ እነርሱ እንመለስ።

የኮርማክ አያት በጦርነት ብዛት ባለ መቶ ጦርነቱ ኮን ተባለ። የኮን ልጅ አርት በታራ ነግሦ ሳለ ተሰድዶ የነበረው የእኅቱ ልጅ ሉጋይድ ማክ ኮን ከባሕር ማዶ ጦር ይዞ ተመለሰና በአየርላንድ ምዕራብ፣ ማግ ሙክራማ በተባለ ሜዳ ላይ ሊገጥመው ተሰለፈ። አርት ከጦርነቱ በፊት በነበረው ሌሊት ኦልክ አካ ከሚባል አንጥረኛ ቤት ዐደረ። አንጥረኛው ከንጉሡ ዘር የሚወለድ ልጅ ለቤቱ ክብር እንደሚሆን ዐውቆ ልጁን አክታንን ሰጠው። አርትም በማግሥቱ በሕይወት እንደማይመለስ ተረድቶ ነበርና ልጅ ብትወልድ በኮናክት ወደሚኖረው ወዳጁ ወደ ፊያክና ካሳን ወስዳ እንድታሳድገው አዘዛት። እንደ ፈራውም በጦርነቱ ሞተ፤ ዙፋኑንም ሉጋይድ ወሰደ።

አክታን የመውለጃዋ ቀን በቀረበ ጊዜ ወደ ተነገራት ቤት ጕዞ ጀመረች፤ ነገር ግን ሳትደርስ በመንገድ ላይ ምጥ ያዛትና በሜዳ ወለደች። ደክሟት እንቅልፍ በወሰዳት ጊዜ አንዲት ተኵላ መጥታ ሕፃኑን ወደ ዋሻዋ ወሰደችው፤ ከግልገሎችዋም ጋራ አጠባችው። በኋላ አንድ አዳኝ ሕፃኑን ከተኵላዎቹ ግልገሎች ጋራ ሲጫወት አግኝቶ ለእናቱ መለሰላት። ስላይጎ በሚባለው አውራጃ በኬሽኮራን ተራራ ላይ ከሚታዩት ዋሻዎች አንዱ እስከ ዛሬ የኮርማክ ዋሻ ይባላል። እናቲቱ ልጅዋን ይዛ ተራራውን በሌሊት ስታቋርጥ ተኵላዎች ከበቡአት፤ ያዳኑአትም የዱር ፈረሶች ናቸው ይላሉ። የሮማን ታሪክ የተማሩ አንባቢዎቻችን ይህን ሲሰሙ ወዲያው ሮሙሉስንና ሬሙስን ያስታውሳሉ። የኮርማክን ታሪክ የጻፉት ሰዎች ላቲን ያነብቡ ስለ ነበረ እነርሱም ሳያስታውሱ አልቀሩም።

ልጁም በፊያክና ቤት አደገ። የአባቱን ሰይፍ ታጥቆ ወደ ታራ በመጣ ጊዜ በመንገድ ዳር አንዲት ሴት ስታለቅስ፣ አንድ የንጉሥ ሹምም ሲያጽናናት አገኘ። ምክንያቱን ቢጠይቅ በጎችዋ ወደ ንግሥቲቱ አትክልት ገብተው ልብስ በሰማያዊ ቀለም የሚነከርበትን ተክል ስለ በሉባት ንጉሥ ሉጋይድ በጎቹ ለንግሥቲቱ እንዲሰጡ ፈርዶባት ኖሯል። ኮርማክ ይህ ፍርድ አይደለም አለ። በጎቹ የበሉት ቅጠሉን እንጂ ሥሩን አይደለምና ተክሉ ተመልሶ ያቈጠቍጣል፤ የበጎቹም ጠጕር ቢሸለት ተመልሶ ይበቅላል፤ ስለዚህ ለአንድ ጊዜ ቅጠል የአንድ ጊዜ ጠጕር ይከፈል ብሎ ፈረደ። ሉጋይድ ይህን በሰማ ጊዜ እርሱ ራሱ የሳተውን ፍርድ ወጣቱ እንዳገኘው ተረዳና ዙፋኑን ለቀቀ ይባላል።

በሌላ መጽሐፍ ግን ነገሩ በዚህ መልክ ብቻ አላበቃም። ሉጋይድ ሐሰተኛውን ፍርድ በተናገረ ጊዜ ይፈርድበት የነበረው ቤት ግማሹ ተንዶ ወደ ቍልቍለቱ ወረደ። ኮርማክ እውነተኛውን በፈረደ ጊዜ ግን የቀረው የቤቱ ግማሽ ሳይናድ ቆመ። ከዚያም በኋላ ሉጋይድ አንድ ዓመት በዙፋኑ ላይ ቢቈይ በምድር ላይ ሣር አልበቀለም፤ በዛፍ ላይ ቅጠል አልታየም፤ እህልም ፍሬ አልያዘም። ሕዝቡም ይህን አይቶ አባረረው። በታራ ኮረብታ ዳገት ላይ የሚታዩት ሁለት ዘመም ያሉ የካብ ክቦች ያ የተናደው ቤት ምልክት ናቸው እየተባለ ይነገር ነበረ።

የጥንት የአየርላንድ ሰዎች ስለ ንጉሥ ያላቸው ሐሳብ በሙሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በእነርሱ እምነት የንጉሥ እውነት ዝናብ ያዘንባል፣ ላም ያሳልባል፣ ዓሣን በወንዝ ያበዛል። ንጉሥ ፍርድ ካጣመመ ግን ጕዳቱ ከተበደለው ሰው አልፎ ለምድሪቱም ይደርሳል። ስለዚህ የዳኝነት ነገር ለእነርሱ የእንጀራ ነገር ነበረ።

ኮርማክ በዚህ ሁኔታ ዙፋኑን ቢያገኝም ወዲያው በሰላም አልተቀመጠም። ጥርሰ ጥቁር የሚባለው የአልስተር ንጉሥ ፈርጉስ አሸንፎ ወደ ኮናክት አባረረው። ኮርማክም ታይግ ወልደ ኪያን ወደሚባል መስፍን ሄዶ ርዳታ ለመነ። ታይግም የጠየቀው ዋጋ ከድሉ በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ በሠረገላው ዞሮ የሚከብበውን ያህል መሬት ከለሙ ከብሬጋ ሜዳ እንዲሰጠው ነው። በዚህ ተስማሙ። ክሪና በተባለው ስፍራ በተደረገው ጦርነት ፈርጉስና ሁለቱ ወንድሞቹ ሞቱ፤ ታይግም ሦስት ከባድ ቍስል ቈሰለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስንጽፍ እጃችን ከብዶን ነበረ። ከእኛም መካከል ይህ ክፍል የንጉሡን ስም የሚያጐድፍ ስለ ሆነ ይቅር ያለ አልጠፋም። ታይግ ቍስሉ ሳይጠገግ ሠረገላው ላይ ወጣና ሾፌሩን ታራን ጨምሮ እንዲከብብ አዘዘው። እርሱ ግን ከደሙ መፍሰስ የተነሣ ራሱን ይስት ነበረ። ኮርማክ ለሠረገላ ነጂው ጕቦ ሰጥቶ ታራን ትቶ እንዲዞር አደረገ። ታይግ በነቃ ቍጥር ታራን ከበብን ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ነጂውም አዎን ይለዋል። ቀኑ አልቆ እውነቱ በታወቀ ጊዜ ታይግ በቍጣ ነጂውን ገደለው። ኮርማክ በዚህ ብቻ አልተወሰነም። ቍስለኛውን እንዲያክም ሐኪም ላከለትና በስውር ትእዛዝ በአንደኛው ቍስል ውስጥ የገብስ ራስ፣ በሁለተኛው ትል፣ በሦስተኛው የጦር ስባሪ አስቀበረበት፤ ላዩም ተሸፈነ። ታይግ ዓመት ሙሉ በሥቃይ ኖረ። በመጨረሻ ከደቡብ አገር የመጣ አንድ ብልህ ሐኪም የማረሻ ብረት በእሳት አግሎ ሆዱን የሚወጋው መስሎ ቢሮጥበት፣ ታይግ ከድንጋጤው ብዛት የተነሣ ሰውነቱ ተንፈራገጠና የተቀበረበት ሁሉ ከቍስሉ ፈንጥሮ ወጣ።

ስለ በጎች ጠጕር ያን የመሰለ ፍርድ የፈረደው ሰው ለባለ ውለታው ይህን እንዴት አደረገ? መጻሕፍቱ አያብራሩም፤ እኛም አናብራራም። አንድ ነገር ግን እናመልክት። በስድስተኛውና ከዚያ በኋላ በነበሩት ምዕተ ዓመታት ታራን ይዘው የገዙት ኢ ኔል የተባሉት ነገሥታት የኮርማክ ተወላጆች ነን ይሉ ነበረ፤ ጸሐፊዎቹም የሚያድሩት ከእነርሱና ከዘመዶቻቸው ጥላ ሥር ነበረ። የታይግ ዘር የሆኑት ኪያናክታ ብሬጋን ይዘው ታራን ለምን እንዳልያዙ ለማስረዳት ይህ ታሪክ ያስፈልግ ነበረ ይሆናል። ታራን በተንኰል አስቀረናት ብሎ መጻፍ ግን ለባለ ዙፋን የሚመች ነገር አይደለም። ሆኖም ጽፈውታል። እኛም ያልተውነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለው የንግሥናው ዘመን የጥጋብ ዘመን ነው። በታራ አውራጃዎቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበት ታላቅ ጉባኤ ይደረግ ነበረ፤ ወደ 200 ሜትር የሚረዝመው የአፈር ካብ የግብሩ አዳራሽ ነበረ እየተባለ ለረዥም ጊዜ ሲነገር ኖሯል፤ የዛሬ ሊቃውንት ግን ወደ ኮረብታው በሥነ ሥርዓት የሚወጣበት መንገድ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ሮደሪክ ኦፍላርቲ የተባለው ጸሐፊ በ1685 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ኮርማክ በታራ ሦስት ትምህርት ቤቶች አቁሞ ነበረ፤ አንዱ ለጦር፣ አንዱ ለታሪክ፣ አንዱም ለሕግ ብሏል። የትምህርት ቤት በዓል ለሚያከብር መጽሔት ይህ ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው፤ እውነትነቱን ግን ዋስ ሆነን አንፈርምበትም።

ሚስቱን ኤትኔን ያገኘበት ሁኔታ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የማረከ ነው። በሌንስተር አገር ቡኬት የተባለ ደግ ባለጠጋ ነበረ፤ የንጉሥ ልጅ ኤትኔንም በማደጎ ያሳድግ ነበረ። እንግዳ ከቤቱ ጠፍቶ አያውቅም። የኤትኔ ወንድሞች ግን ከነጭፍሮቻቸው እየመጡ ሲበሉበት መንጋው አለቀ፤ የቀሩት ጥቂት ላሞችና አንድ ኮርማ ብቻ ሆኑ። ቡኬትም አፍሮ ሽማግሌ ሚስቱንና ልጅቱን ይዞ በኬልስ አጠገብ ባለ ጫካ ጎጆ ሠርቶ ተቀመጠ። ከዕለታት አንድ ቀን ኮርማክ በፈረስ ሲያልፍ አንዲት ቈንጆ ልጅ ስታልብ አየ። የመጀመሪያውን ወተት በአንድ ዕቃ፣ በመጨረሻ የሚወጣውን ቅባት ያለውን ወተት በሌላ ዕቃ ታደርጋለች። ለመኝታ የሚነጠፈውን ሣርም ስታጭድ ረዥሙንና ለስላሳውን ከአጭሩ ትለያለች። ለማን እንደምትለይ ቢጠይቃት ለአሳዳጊዋ ለቡኬት መሆኑን፣ ውለታው ብዙ መሆኑንና የበለጠ ለማድረግ ብትችል እንደምታደርግ ነገረችው። ኮርማክም አገባት፤ ለቡኬትም ማጫ አድርጎ ከኬልስ ቅጥር ላይ ሆኖ እስከ ሰባት ቀን ድረስ በዓይኑ የሚያየውን ከብትና ሀብት ሁሉ ሰጠው። ቡኬት መንጋውን ወደ ቤቱ ነድቶ ለመጨረስ አልቻለም ይላሉ።

ይህቺው ኤትኔ ግን በሌላ ታሪክ ውስጥ ቀናተኛ ሆና እናገኛታለን። ኮርማክ ከባሕር ማዶ የተማረከችውን የፒክቶች ንጉሥ ልጅ ኪያርናትን በወደዳት ጊዜ ኤትኔ በቅናት ተነሣሥታ በየቀኑ ብዙ እህል በእጅ ወፍጮ እንድትፈጭ አደረገቻት። ኪያርናት ፀነሰችና መፍጨት ተሳናት። ኮርማክም በስውር ባሕር አሻግሮ ወፍጮ የሚሠራ ባለሙያ አስመጣ፤ በታራ አጠገብ በሚፈሰው ምንጭም ላይ የውሃ ወፍጮ አሠራላት። ኳን ኦሎካን የተባለውና በ1024 ዓ.ም. የሞተው ባለቅኔ በአየርላንድ የመጀመሪያው የውሃ ወፍጮ ይህ ነው ብሎ ተናግሯል። በቍፋሮ ተገኝቶ በእንጨቱ ዕድሜ የተለካው በኔንድረም ገዳም ያለው ወፍጮ የ619 ዓ.ም. ስለ ሆነ የባለቅኔው ወሬ ከ300 ዓመት በላይ ይቀድመዋል። ቢሆንም የወፍጮ መጅ ይዛ የዋለችን ሴት ጀርባ የሚያውቅ ሰው ይህ ወሬ ለምን ተወድዶ እንደ ኖረ አይጠፋውም።

ከኮርማክ ሀብቶች ሁሉ የታወቀው ጽዋው ነው። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በታራ ካብ ላይ ቆሞ ሳለ ሽበታም ተዋጊ ሦስት የወርቅ ፍሬ የተንጠለጠለበት የብር ቅርንጫፍ ይዞ መጣ። ቅርንጫፉ ሲነቀነቅ ዜማው የቈሰለውን ሁሉ በእንቅልፍ ያሳርፍ ነበረ። ኮርማክ ቅርንጫፉን ለማግኘት የሚጠየቀውን ሦስት ነገር ሳያውቅ እሺ አለ። ሰውዬው ተመልሶ በተራ ሴት ልጁን፣ ወንድ ልጁንና ሚስቱን ወሰደበት። ኮርማክ በሦስተኛው ጊዜ ተከተለው፤ ጭጋግም ሸፈነው፤ ብቻውን በማያውቀው አገር ተገኘ። በዚያ ቤት ውስጥ አሳማ ሲቀቀል አየ፤ አሳማው ግን ለያንዳንዱ ሩብ አንድ እውነት ካልተነገረለት አይበስልም። የወርቅ ጽዋም አሳዩት፤ ሦስት ሐሰት ሲነገርበት በሦስት ይሰበራል፤ ሦስት እውነት ሲነገርበት ተመልሶ ይጋጠማል። ባለቤቱ የባሕሩ ጌታ ማናናን ነበረ። የንጉሡን ሚስትና ልጆች መለሰለት፤ ጽዋውንም በዳኝነቱ ሐሰትንና እውነትን እንዲለይበት ሰጠው። በማግሥቱ ኮርማክ ከነቤተ ሰቡ በታራ ነቃ። ጽዋው ግን ለእርሱ ዕድሜ ብቻ የተሰጠ ነበረ።

የኮርማክ ትምህርት የሚባል መጽሐፍም አለ፤ ልጁ ካርብሬ ይጠይቃል፣ አባት ይመልሳል። በዘጠነኛው ምዕት ዓመት ገደማ የተጻፈ ሲሆን ኩኖ ማየር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1909 ዓ.ም. አሳትሞታል። ስለ ንጉሥ ጠባይ፣ ስለ ሸንጎ ሥርዓትና ስለ ጓደኝነት የሚናገረው ብልሃት ያለበት ነው። ስለ ሴቶች የሚዘረዝረው ስድብ ግን በክፍላችን ያሉት እኅቶቻችን ቢያነቡት ኮርማክን በሕይወት ባይኖርም የሚፋረዱት ይመስለናል። ኤትኔን በጫካ ያየ ሰው እንዲህ ይላል ብሎ ማመንም ያስቸግራል።

አሁን ወደ ከባዱ ቀን ደርሰናል። ከኮርማክ ልጆች አንዱ ኬላክ ዴሲ ከሚባሉት ነገድ አንዲት ልጅ በግፍ ወሰደ። የልጅቱ አጎት፣ ጦረኛው ኤንጉስ፣ በደሏን ሊበቀል ወደ ታራ ገባ፤ ኬላክንም በአባቱ ፊት በጦር ወጋው። በዚያው ጦር የኮርማክ አንድ ዓይን ጠፋ፤ አጠገቡ የቆመውም የቤቱ ሹም ሞተ። ኮርማክ የልጁን ጥፋት አላነሣም፤ ዴሲዎችን ሁሉ ከርስታቸው እንዲሰደዱ አደረገ። በሰባት ጦርነት ተዋግተው ወደ ደቡብ ሄዱ፤ ከእነርሱም ወገን ባሕሩን ተሻግረው በዌልስ የሰፈሩ አሉ።

ነገር ግን ሌላ ሕግ ነበረ። በአካሉ ነውር ያለበት ሰው በታራ ሊነግሥ አይፈቀድለትም። ይህ ሕግ ለጠላት የተሠራ አልነበረም፤ ኮርማክ ራሱ 40 ዓመት የኖረበት ነው። ሠራዊት ነበረው፤ ዴሲዎችን ያባረረ ክንድ ነበረው፤ ልጁ ካርብሬ ሥልጣኑን በጕልበት እንደ ወሰደበትም አልተጻፈም። ኮርማክ ግን ከታራ ወርዶ በስተ ምሥራቅ ፊት ለፊት ወደሚታየው ወደ አካል ኮረብታ፣ ዛሬ ስክሪን ወደሚባለው፣ ተሻገረ። ለዘመናት ፍርድ ይሰጥበት የነበረውን ኮረብታ ከዚያ ሆኖ በአንድ ዓይኑ ይመለከተው ነበረ ማለት ነው። ካርብሬ ነገሠ፤ አስቸጋሪ ክርክር በመጣበትም ጊዜ ሸለቆውን ተሻግሮ አባቱን ይጠይቅ ነበረ። አካል መጽሐፍ የሚባለው የጥንት የሕግ መጽሐፍ ከዚህ ጥያቄና መልስ እንደ ተገኘ መቅድሙ ይናገራል። ያን ሸለቆ የጥንት ሰዎች ጋብራ ይሉታል፤ ካርብሬም በኋላ በፊን ማክ ኩል ጭፍሮች ላይ በተዋጋ ጊዜ በጋብራ ጦርነት ሞተ። በ2010 ዓ.ም. የተከፈተው ትልቁ የመኪና መንገድ በታራና በስክሪን መካከል በዚሁ ሸለቆ ያልፋል፤ ሥራው ከመጀመሩ አንሥቶ ብዙ የአየርላንድ ሰዎች ተቃውመውት ነበረ።

ኮርማክ በመጨረሻ በቦይን ወንዝ ዳር ክሌተክ በሚባል ቤት ተቀመጠ። ቅዱስ ፓትሪክ ወንጌልን ይዞ ወደ አየርላንድ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ኮርማክ ለድንጋይና ለእንጨት መስገድን ትቶ በአንድ አምላክ አመነ ብለው ጸሐፊዎቹ ይናገራሉ። ድሩይድ የሚባሉት የጣዖት አገልጋዮች በዚህ ተቈጡ፤ አለቃቸውም ረገመው። አንድ ምሽት ሳልመን የሚባለውን የወንዝ ዓሣ ሲበላ አጥንቱ በጕሮሮው ተሰንቅሮ ሞተ። አንድ ንጉሥ ከዚያ ሁሉ ጦርነት ተርፎ በዓሣ አጥንት መሞቱ ይገርማል፤ ተረት የሚፈጥር ሰው ለጀግናው እንዲህ ያለውን ሞት አይመርጥለትም ብለን ለጥቂት ጊዜ አሰብን። ወዲያው ደግሞ እርግማኑን ስናስታውስ ዝም አልን።

ከመሞቱ በፊት አንድ ኑዛዜ ተናግሮ ነበረ። የታራ ነገሥታት የሚቀበሩት በቦይን ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ብሩ ና ቦይን በተባለው የጥንት መቃብር ስፍራ ነው። ዛሬ ኒውግሬንጅ በሚባለው ስም የሚታወቀው፣ ከክርስቶስ ልደት 3,200 ዓመት ገደማ በፊት የተሠራው ታላቅ ጉብታ በዚያ ነው። ኮርማክ ግን ይህ ጣዖት የሚመለክበት ስፍራ ስለ ሆነ በዚያ አትቅበሩኝ፤ ከወንዙ ወዲህ በሮስ ና ሪ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አድርጋችሁ ቅበሩኝ ብሎ ነበረ። በሞተ ጊዜ አሽከሮቹ ተማከሩና የነገሥታቱ ልማድ እንዳይቀር ብለው ቃሉን ተዉት። ሬሳውን ተሸክመው ወደ ወንዙ ወረዱ። ቦይን ሞልቶ መለሳቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ገቡ፤ ሁለተኛም መለሳቸው። በሦስተኛው ጊዜ ውሃው ከፍ ብሎ መንገዱን ፈጽሞ ዘጋባቸው። ያን ጊዜ ኑዛዜውን አስታውሰው ከዳርቻው ተመለሱ፤ በሮስ ና ሪም ጕድጓድ ቈፍረው ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሰው ቀበሩት።